ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የአሽከርካሪን ድካም በስጋት ምዘና እንዴት እናስላው?

ጠያቂ፦
ኮምቦልቻ ባለ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት በደህንነት ክፍል እሠራለሁ። በስጋት ምዘና ቅጻችን የአደጋውን የመከሰት ዕድል ከጉዳቱ ክብደት ጋር እያባዛን ነጥብ እንሰጣለን። በጎማና በፍሬን ጉዳይ አንቸገርም፤ የሰው ነገር ሲመጣ ግን በሁሉም መስመር «የአሽከርካሪ ስህተት፣ መካከለኛ» ብለን መፍትሔው «ሥልጠና» እንላለን። ሥልጠናው በየዓመቱ ይሰጣል፤ ቅጹም በየዓመቱ ያው ነው። በምን መልክ እናስተካክለው?

መልስ 1፦
ነጥብ የሚሰጠው ለሰውየው ሳይሆን ለሚሠራበት ሁኔታ ነው። «የአሽከርካሪ ስህተት» ምርመራው የሚጀመርበት እንጂ የሚዘጋበት ሊሆን አይገባም። መስመሩን በክፍል በክፍል ለያዩት። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ክረምት ሲሆን ጭጋጉ ይጨመርበታል። ስለዚህ ጥያቄው «ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ፣ ከወልድያ ሳያርፍ የመጣ ሰው እየነዳው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይህን ቢወርድ ምን ይሆናል?» የሚል ይሁን። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ ይህ ክፍል «መካከለኛ» ሊባል አይችልም።

መልስ 2፦
እኔ አሽከርካሪ ነኝ። ሰዓቱን መሪ ከተያዘበት ጀምራችሁ ከቆጠራችሁ ስሌቱ ይሳሳታል፤ ቀኑን ሙሉ ለጭነት ተሰልፎ የዋለ ሰው ሞተር ሲያስነሳ ደክሞ ጨርሷል። ክፍያው በቢያጆ፣ ማለትም በጉዞ ቁጥር፣ እስከሆነ ድረስም ደክሞኛል ብሎ የሚናገር የለም። ጫት ደግሞ ድካምን ይሸፍናል እንጂ አይሽርም።

መልስ 3፦
ረዳቱን አትርሱት። የፍሬን ሸራ ሽታ ቀድሞ የሚደርሰው አንዳንዴ ለእሱ ነው፤ «ጋሼ፣ ማርሽ ቀንሰው እንጂ» ለማለት ግን ይፈራል። በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት 583 ሰዎች ባለቁበት የአውሮፕላኖች ግጭት፣ የበረራ መሐንዲሱ መንደርደሪያው ነፃ ስለመሆኑ ጥርጣሬውን አንስቶ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን አልተቀበለውም። የአቪዬሽን የቡድን ሥራ ሥልጠና እንዲጀመር ከገፋፉት አደጋዎች አንዱ ይኸው ነው። አሽከርካሪና ረዳት አብረው ተቀምጠው የማይለማመዱበት ሥልጠና፣ በእኔ ግምት፣ ግማሽ ሥልጠና ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። መስመሩን እንከፋፍላለን፤ ረዳቶቹንም እንጠራለን። የቢያጆ ክፍያውን ግን የደህንነት ክፍል አይወስንም።

መልስ 1፦
አይወስንም፤ ይመዘግባል። ክፍያውን ራሱን እንደ አንድ የስጋት ምንጭ በቅጹ ላይ ያስፍሩትና ስጋቱን የተቀበለው ሥራ አስኪያጅ ይፈርምበት።