ሪዝነሩ ሁለት የቡና በሽታዎችን አንድ አደረገብኝ፣ ሌላም ተደብቆ ካለ እንዴት ላግኘው?

ቡናዳታ፦ ሰላም ቤተሰብ። በፕሮቴጄ (የኦንቶሎጂ ማዘጋጃ ፕሮግራም) የሰብል በሽታ ኦንቶሎጂ፣ ማለትም በሽታዎቹን በየክላሱ (በየምድቡ) ከነግንኙነታቸው ለኮምፒውተር የሚገልጽ መዝገብ፣ እየሠራሁ ነው። ሄርሚትን፣ ማለትም ከጻፍኩት ተነስቶ ድምዳሜ የሚያወጣውን ሪዝነር፣ ሳስነሳው «የቡና ቅጠል ዝገት» እና «የቡና ፍሬ በሽታ» ኢኩቫለንት (አንድ ዓይነት ክላስ) ናቸው አለኝ። አንዱ ከቅጠሉ ጀርባ ብርቱካንማ ዱቄት ያወጣል፣ ሌላው ለጋውን ፍሬ ያጠቁራል፤ ምን አገናኛቸው? ቀይ የሆነ ክላስ ደግሞ የለም። ክላሶቹ ብዙ ስለሆኑ አንድ በአንድ ማየት አልችልም፣ እባካችሁ።

ሎጂክ_ወዳጅ፦ ቀይ የሚሆነው አባል ሊኖረው የማይችል ክላስ ነው። የአንተዎቹ ሊኖራቸው ስለሚችል ለሪዝነሩ ሁሉ ሰላም ነው። በቢጫ ከመጣው መስመር አጠገብ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጫን፣ ከየትኞቹ አክሲዮሞች (ከጻፍካቸው መግለጫዎች) ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ ያሳይሃል።

ቡናዳታ፦ ሁለቱም ኢኩቫለንት ቱ በሚለው ቦታ ላይ «በሽታ፣ ቡናን የሚያጠቃ» ነው የሚሉት።

ኦውል_በአማርኛ፦ ታዲያ ምን ይበልህ! እንዲህ ስትጽፍ ቡናን የሚያጠቃ በሽታ ሁሉ ዝገት ነው እያልክ ነው፣ ለፍሬውም ያንኑ ደገምከው። ወይ ሰብክላስ ኦፍ (ከስሩ የሚገባ ንዑስ ክላስ) አድርገው፣ ወይ አምጪውን ፈንገስ ጨምር፤ ለዝገቱ ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ፣ ለፍሬው ኮሌቶትሪከም ካሃዌ።

ተርሚናል_ልጅ፦ ለተደበቁት ሮቦት የሚባለውን የኮማንድ ላይን (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ) ቱል ተጠቀም። ሪዝን የሚለው ትእዛዝ ላይ «ኢኩቫለንት ክላስስ አላውድ» የሚል አማራጭ አለ፣ «አሰርትድ ኦንሊ» ካልከው በእጅህ የጻፍካቸውን ብቻ አሳልፎ ሌላ ካገኘ ስማቸውን ጠርቶ ይቆማል። ዝም ካልከው ግን ሁሉንም ያሳልፋል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ሎጂክ_ወዳጅ፦ ልክ። ኤልክ የሚባለው ሌላ ሪዝነር ፈጣን ነው ግን «ኦንሊ» (ይህን ብቻ) ያለባቸውን ገደቦች አያይም፣ ስለዚህ ከመልቀቅህ በፊት አንዴ በሄርሚትም አሳልፈው። ሁለቱን በሽታዎች ዲስጆይንት (የጋራ አባል የሌላቸው) በላቸው፤ ዳግም ከተደበላለቁ ወዲያው ቀይ ይሆናሉ። አንድ ተክል ሁለቱም ሊይዙት ይችላሉ ብለህ አትስጋ፣ የምትለያየው በሽታዎቹን እንጂ ተክሎቹን አይደለም።

ቡናዳታ፦ ተለያዩ፣ ተባረኩ! ሮቦት ግን ሌላ ጥንድ አወጣብኝ፦ «ተክል» እና «አስተናጋጅ ተክል» (በሽታው የሚይዘው ተክል)። እኔ እኮ አስተናጋጁን ከተክል ስር ነው ያስገባሁት።

ኦውል_በአማርኛ፦ ኢምፖርት ያደረግከውን (ከውጭ ያስገባኸውን) ፋይል እየው። እዚያ ደግሞ ተክል ከአስተናጋጅ ስር ገብቶ ይሆናል፣ ሁለቱ እርስ በርስ ሰብክላስ ከሆኑ አንድ ክላስ ሆኑ ማለት ነው። ያቺው የጥያቄ ምልክት ሁለቱንም አክሲዮሞች ታወጣልሃለች፣ የአንተ ያልሆነውን አጥፋ።