የ18 ኪሎ ሜትር ሊንክ፦ ሲግናል አለ፣ ፒንግ አለ፣ ፍጥነት ግን የለም

ባህርዛፍ12፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ከተማ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ ጤና ጣቢያ የተዘረጋ የ5 ጊጋ ኸርዝ ሊንክ (ሁለት ሬዲዮ በአየር የሚያገናኝ መስመር) ነው፤ በቀጥታ መስመር 18 ኪሎ ሜትር። ሁለቱም ሬዲዮዎች ኦፕንደብልዩአርቲ (በሊኑክስ ላይ የተሠራ የራውተር ሶፍትዌር) ተጭኖባቸዋል፣ የቻናል ስፋት 20 ሜጋ ኸርዝ፣ ሲግናል በሁለቱም ጫፍ -66 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል)።

ፒንግ (ትንሽ የሙከራ መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ) አይቋረጥም፣ ከመቶ አንድ እንኳ አይጠፋም። ፋይል ሲላክ ግን 1 ሜጋ ቢት አይሞላም፤ የሬዲዮው ፍጥነት 6 ሜጋ ቢት ላይ ተቸንክሯል። ጤና ጣቢያው ጫፍ ላይ ፓኬት ሲቀዳ ያው አንዱ ተከታታይ ቁጥር ሰባት ስምንት ጊዜ ይመጣል፣ ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም የሪትራይ (የድጋሚ መላክ) ምልክት አለባቸው። እዚህ ሰው ሁሉ «ጉሙ ነው» ይላል። ጉም ነው?

ማማ_ወጪ፦
ጉሙን ተወው። በ5 ጊጋ ኸርዝ ጉም የሚወስደው ሲግናል ከቁጥር አይገባም፤ ቢወስድ ደግሞ -66 አታይም ነበር።

መልሱን ራስህ ቀድተኸዋል። ተመሳሳይ ቁጥር ስምንት ጊዜ መጣ ማለት ዳታው በመጀመሪያው ሙከራ ደርሷል፤ ያልተሳካው «ደርሶኛል» የሚለው መልስ፣ አክ ነው። ፒንግ የማይጠፋውም ለዚህ ነው፦ ተቀባዩ የመጀመሪያውን ወስዶ የቀረውን ድግግሞሽ ይጥለዋል።

ስሌቱ ይህ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በ1 ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ይሄዳል። 18 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 60፣ ለመመለስ 60። ተቀባዩ መልስ ከመስጠቱ በፊት 16 ማይክሮ ሰከንድ ያርፋል። የአኩ መግቢያ ተሰምቶ እስኪለይ 20 ገደማ። ድምሩ 156። ርቀት ያልተሞላለት ሬዲዮ የሚጠብቀው ግን 45 አካባቢ ነው። ስለዚህ አኩ መንገድ ላይ እያለ ላኪው «ጠፋ» ብሎ ይደግማል፤ ሬዲዮ ደግሞ እያወራ አይሰማም። ፍጥነት መራጩም በተራው «ሊንኩ ተበላሽቷል» ብሎ ደረጃ በደረጃ 6 ላይ ያወርድሃል። ሲግናልህ ግን ምንም አልሆነም።

የገመድ አልባ ቅንብሩ ውስጥ «ዲስታንስ» የሚል ቦታ አለ፣ በሜትር ነው። በሁለቱም ጫፍ 19000 ሙላ። ሊኑክስ ይህን በ450 ሜትር ደረጃ ይከፋፍለዋል፤ 18 ኪሎ ሜትር 40ኛው ደረጃ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያውን ቀይር፣ ቀጥሎ ከተማውን፤ አለዚያ ሊንኩ ቢጠፋ የሩቁን ለማስተካከል መኪና ትፈልጋለህ። «ለማንኛውም» ብለህ 50000 አትሙላ፤ ፓኬት በእውነት በጠፋ ቁጥር ላኪው በከንቱ ይጠብቃል። ይህን ቅንብር የማይደግፍ የሬዲዮ ሾፌርም (ሬዲዮውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ስላለ፣ ከሞላህ በኋላ እንደገና ቅዳና ድግግሞሹ መቀነሱን እይ።

ባህርዛፍ12፦
ተሞላ። ወደ ጤና ጣቢያው 41 ሜጋ ቢት፣ ወደ ከተማ 30። ተመስገን። ግን ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሁለቱም ከ10 በታች ይወርዳሉ፤ ሲግናሉ ያው -66 ነው።

ጥቁር_ኬብል፦
በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ ዋይፋይ ላይ ነው። ሲግናል አትይ፣ ኖይዝ (የአካባቢውን የሬዲዮ ጫጫታ) እይ፣ በሁለቱም ጫፍ ለየብቻ። ገጠሩ -95 ሆኖ ከተማው -80 ቢሆን አይግረምህ።

ልብ በል፣ ከከተማ ለሚወጣው ዳታ አክ የሚገባው ከተማ ነው። ዳታው ጸጥ ባለው ጤና ጣቢያ በሰላም ይደርሳል፣ መልሱ ግን ጫጫታው ውስጥ ይሰጥማል። ለመለየት፦ ጤና ጣቢያው ላይ ድግግሞሽ ከበዛ የጠፋው አክ ነው፤ ከተማው ላይ ሲቀዳ ቁጥር ከተዘለለ የጠፋው ራሱ ዳታው ነው። ምናልባት ሁለቱንም ታያለህ።

በዚያው ሰዓት፣ በማታ፣ ቻናል ቃኝና ቀይር (ቀን የተቃኘ ቻናል አያስተማምንም)። ቀጥሎ የመሠረታዊ ፍጥነቶችን ዝርዝር 6 ሜጋ ቢት ብቻ አድርግ። አክ የሚላከው ከዚያ ዝርዝር ተመርጦ ነው፤ 24 ካለበት በ24 ይላካል። በ24 የሚላክ አክ 28 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል፣ በ6 ግን 44። በ16 ማይክሮ ሰከንድ ኪሳራ በስታንዳርዱ ልክ የ8 ዲቢ ብልጫ ታገኛለህ፤ ለመሰማት -74 ዲቢኤም ይጠይቅ የነበረው አክ -82 ይበቃዋል። የብሎክ አክንም (ለብዙ ፓኬት የሚሰጥ የጋራ መልስ) አታጥፋው። በአንድ መልስ እስከ 64 ፓኬት ስለሚያረጋግጥ ያንን የ120 ማይክሮ ሰከንድ ጉዞ ለሁሉም አንዴ ብቻ ትከፍላለህ።

ነገ ሌላ ጣቢያ በዚያው አንቴና ላይ ብትጨምር እና ሁለቱ ጣቢያዎች እርስ በርስ ባይሰማሙ፣ አርቲኤስ (ከመላክ በፊት ፈቃድ መጠየቅ) ማብራት ወይም በተራ ወደሚያናግር ስርዓት (በማይክሮቲክ ሬዲዮዎች ኤንቪ2 እንደሚባለው) መዞር ይሻላል። በእሱ ሁሉም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ተራ ዋይፋይ አይገባበትም።

ባህርዛፍ12፦
አንድ ጥያቄ ቀረ። የክትባት ማቀዝቀዣው ሙቀት መለኪያ በየ5 ደቂቃው በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልክ ዘዴ) ይልካል፣ አንዳንዱ ንባብ ሰርቨር አይደርስም። አክ እያለ እንዴት?

ማማ_ወጪ፦
የሬዲዮ አክ «ቀጣዩ ሬዲዮ ሰምቷል» ነው የሚለው፤ ስለ ሰርቨሩ ምንም አያውቅም። ሙከራው ሲያልቅ ሬዲዮው ፓኬቱን ጥሎ ያልፋል፣ ዩዲፒ ደግሞ አይነግርህም። መለኪያው ለእያንዳንዱ ንባብ ቁጥርና ሰዓት ይስጥ፣ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ይመልስ፣ እስኪመለስ መለኪያው ንባቡን አያጥፋ። ካልተመለሰ በ5፣ በ10፣ በ20 ሰከንድ ይድገም፣ በላዩ ትንሽ የዘፈቀደ ሰከንድ ይጨመርበት፤ አለዚያ መብራት ሲመጣ ሁሉም መለኪያ እኩል ይጮኻል። ሰርቨሩም የተደገመ ቁጥር ሲያይ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝግብ፣ መልሱን ግን ደግሞ ይላክ፤ የጠፋው መልሱ ሊሆን ይችላልና።

ጥቁር_ኬብል፦
ስምህ አስታወሰኝ፦ መሃል መንገድ ላይ ባህር ዛፍ ካለ፣ በ18 ኪሎ ሜትር ሊንክ መሃል ከእይታ መስመሩ ዙሪያ ወደ 16 ሜትር ራዲየስ ያለው ክልል አለ፣ ቢያንስ 60 በመቶው ክፍት ይሁን። ባህር ዛፍ በሁለት ክረምት ይደርስበታል፣ እርጥብ ቅጠል ደግሞ ከጉም የባሰ ነው።