የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፦ የጋራ ረቂቅ፣ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ከአቃቂ ወንዝ ዳር ከሚደልቡ በሬዎች ኩላሊት፣ ጉበትና ሥጋ ናሙና ወስደን ሊድና ካድሚየም የሚባሉት መርዛማ ብረቶች እንዳሉበት እናስመረምራለን። ለማነጻጸሪያ ወንዙ ጋ ደርሰው ከማያውቁ በሬዎችም እንወስዳለን። ወጪው ከማኅበራችን መዋጮ ነው። ውጤቱን ይዘን ፍሳሽ ወደ ወንዙ በሚለቁት ላይ አቤት እንላለን። ጾሙ ሳይፈታ ማለቅ አለበት።

አድላቢ (አቃቂ)፦ አልስማማም። በሬው ሰባት ስምንት ዓመት ያረሰው ሌላ አገር ነው። እኔ በረት ሦስት ወር ነው የሚቆየው። ውጤቱ መጥፎ ሲሆን ግን ስሙ የሚጠፋው የኔ በረት ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ልክ ነህ፣ ለዚህ ነው የበሬው ዕድሜና የመጣበት ቦታ ይጻፍ የምለው። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፣ በዕድሜ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ያረጀ የእርሻ በሬ ወንዙን ሳያይም ከወይፈን በላይ ሊኖርበት ይችላል። ሊድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የተጣለ የመኪና ባትሪ የላሰ ከብት ዓይኑ ይጠፋል፣ ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ ይገፋል፣ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አምና ያየነውን ታውቃላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ለከብት የፈቀደው የካድሚየም ጣሪያ በኪሎ ለሥጋ 0.05 ሚሊግራም፣ ለጉበት 0.5፣ ለኩላሊት 1 ነው። ሥጋው ደህና ሆኖ ኩላሊቱ ከጣሪያው ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ሥጋውን ብቻ መርምረን «ንጹሕ ነው» ብንል ሰው እናታልላለን።

ልኳንዳ (ሳሪስ)፦ የተቆረጠ ኩላሊት ማን ይገዛኛል? ደንበኛ ሙሉውን ነው የሚፈልገው። የናሙናው ሒሳብ በማን እንደሆነ ረቂቁ ላይ የለም።

ጸሐፊ፦ መቶ ግራም አይሞላም እኮ።

ልኳንዳ (ሳሪስ)፦ አሥር ግራምም ይሁን፣ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ለሚዛን ያዋጣነው ገንዘብም «ትንሽ ናት» ተብሎ ነው ቀልጦ የቀረው።

ገንዘብ ያዥ፦ የሚዛኑን ነገር እዚህ አታምጣብኝ። ደረሰኙ አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይይ።

ልኳንዳ (ቃሊቲ)፦ ሙሉ ኩላሊቱን ማኅበሩ ይግዛው፣ አለቀ። ጥያቄው በየትኛው ዋጋ ነው። በቄራ ወይስ በልኳንዳ ዋጋ?

ልኳንዳ (ሳሪስ)፦ በልኳንዳ ነዋ። ኪራይ የምከፍለው እኔ።

አድላቢ (አቃቂ)፦ ይኸው! ሰው ስለሚታመምበት ነገር እያወራን እናንተ ትርፍ ትቆጥራላችሁ።

ልኳንዳ (ሳሪስ)፦ አንተ ከወንዙ ዳር ሣር እያጨድክ የምታበላ ሰው ስለ ሕመም አታስተምረኝ!

አድላቢ (አቃቂ)፦ ፉርሽካና ፋጉሎ የት እንደደረሰ ታውቃለህ? ሣሩን ልተወውና አንተ ትቀልበዋለህ?

ዱለት ቤት፦ ኧረ በቃችሁ። እኔ በየቀኑ ጉበት የምገዛ ሰው ነኝ፣ እርጉዝም ሕፃንም ይበላል እኔ ቤት። ዶክተር፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። በደንብ ባበስለውስ?

የእንስሳት ሐኪም፦ አይጠፋም እቱ። እሳት ተውሳክን ይገድላል፣ ሊድና ካድሚየምን ግን ምንም አያደርጋቸውም። ማጠብም አያወጣቸውም። ለዚህ ነው ከእርድ በፊት፣ ከውኃውና ከመኖው መጀመር ያለብን።

ልኳንዳ (ሳሪስ)፦ ቅድም ስለ ሣሩ ያልኩት በንዴት ነው። የኩላሊቱን ግን አልተውም።

ጸሐፊ፦ በቄራና በልኳንዳ ዋጋ መካከል እንቁረጠው። አሁን ወደ ሥራው። የላብራቶሪ ዋጋ አጣራለሁ ያለው ልጅ የት ደረሰ? ስልክም አያነሳ።

ልኳንዳ (ቃሊቲ)፦ ጠፍቷል። ናሙናውስ እስኪሄድ የት ይቀመጣል? በዚህ ሙቀት።

የእንስሳት ሐኪም፦ ለየብቻው ንጹሕ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ቀዝቅዞ። አይስ ቦክስ ይበቃል።

ልኳንዳ (ቃሊቲ)፦ አይስ ቦክስ ከምንገዛ ለምን ዲፕ ፍሪዘር አንገዛም? ለፋሲካም ለሁላችንም ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮው ለሁለቱም አይበቃም። ፍሪዘሩ ከተገዛ ናሙናው በግማሽ ይቀንሳል።

ልኳንዳ (ሳሪስ)፦ ይቀንስ። ፍሪዘሩ ንብረት ነው።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ ዲፕ ፍሪዘር ይገዛል፣ ናሙና በግማሽ፣ ማነጻጸሪያው ይሰረዛል፣ አቤቱታው ከፋሲካ በኋላ ይታያል። የሚቃወም?

የእንስሳት ሐኪም፦ እኔ እቃወማለሁ። ያለ ማነጻጸሪያ ወንዙ ይሁን ዕድሜው ማን ይለያል? እሺ፣ ፍሪዘሩን ግዙ። ግን ደብተር ዛሬ ይጀመር። የእያንዳንዱ በሬ ዕድሜ፣ የመጣበት ቦታ፣ የጠጣው ውኃ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

አድላቢ (አቃቂ)፦ ደብተሩን እኔ በረት እጀምራለሁ። ዕድሜውንም የመጣበትንም እጽፋለሁ። የወንዙ ስም ግን አይጻፍ።

ዱለት ቤት፦ ወንዙ ካልተጻፈ እኔ ምኑን አይቼ ነው የምገዛው?