ተማሪዎች ምስያውን ተረድተው ሳለ ለምን አይጠቀሙበትም?

የፊዚክስ መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቮልቴጅን፣ ማለትም ከረንትን የሚገፋውን ግፊት፣ የማስረዳው በሮቶ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት በእኛ ሰፈር ሮቶው ከፍ ብሎ ሲሰቀል ውኃው በኃይል እንደሚወርድ የማያውቅ ልጅ የለም። ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ተከታትለው ሲገጠሙ አምፖሉ ለምን እንደሚደምቅ በዚሁ ገባቸው። በማግስቱ ግን ተመሳሳይ ጥያቄ በፈተና ሲመጣ ወደ ሮቶው የተመለሰ አልነበረም፤ «ሮቶውን አስቡ» ስላቸው ወዲያው ሠሩት። ሁለት ሬዚስተሮች (የከረንት ማገጃዎች) በትይዩ፣ ማለትም ጎን ለጎን በየራሳቸው መንገድ፣ ሲገናኙ ደግሞ «ማገጃው ሁለት ስለሆነ ሬዚስታንሱ ይጨምራል» አሉኝ፤ የሚሆነው ግን መቀነስ ነው። ጥፋቱ የምሳሌው ነው ወይስ የእኔ?

የሥነ ልቦና ተማሪ፣ ሰበታ፦
መምህር፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተን ብናያቸው ይሻላል። ስለ ሬዚስተሩ እ.ኤ.አ. በ1983 ዴድሬ ጌንትነር እና ዶናልድ ጌንትነር ያሳተሙት ጥናት አለ፤ ኤሌክትሪክን እንደሚፈስ ውኃ የሚያስቡ ሰዎች በባትሪ ጥያቄዎች፣ እንደሚተላለፍ ሕዝብ የሚያስቡት ደግሞ በሬዚስተር ጥያቄዎች የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። በሕዝቡ ምስያ ሬዚስተር ጠባብ በር ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ በር ብቻ የሚወጣውን ምእመን ያስቡና፣ ሁለተኛው በር ሲከፈት ምን ያህል እንደሚቀል ልጆቹን ይጠይቋቸው። ባትሪን ለማስረዳት ግን ሮቶውን አይተዉት፤ ሕዝቡን ከኋላ የሚገፋው ምን እንደሆነ በበሩ ምሳሌ ግልጽ አይደለምና።

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ለገጣፎ፦
ስለ መዘንጋቱ ልጆቹን አይውቀሷቸው። ሜሪ ጊክ እና ኪዝ ሆሊዮክ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ሥራ፣ ሠራዊቱን ከፋፍሎ በብዙ መንገድ በመላክ ምሽግ ስለያዘ ጦር መሪ የሚተርክ ታሪክ ለሰዎች አስነበቡ። ከዚያም በዙሪያው ያለው ጤነኛ አካል ሳይጎዳ ዕጢን በጨረር ማጥፋት የሚቻልበትን መንገድ ጠየቋቸው። መፍትሔው ከጦር መሪው ዘዴ ጋር አንድ ነው፦ ደካማ ጨረሮችን ከየአቅጣጫው ልኮ ዕጢው ላይ ማገናኘት። ሆኖም ታሪኩ እንደሚረዳቸው ሲነገራቸው አብዛኞቹ ሲመልሱት፣ ሳይነገራቸው የመለሱት ጥቂቶች ነበሩ። የእርስዎም ክፍል ያሳየው ይህንኑ ነው። በኋላ ባደረጉት ጥናት፣ ሁለት ተመሳሳይ ታሪኮችን እንዲያነጻጽሩ የተደረጉት ሰዎች የጋራውን ሐሳብ በተሻለ አውጥተው ተጠቅመውበታል። እኔም ከሮቶው ጎን አንድ ሌላ ምሳሌ አስቀምጠው የሚመሳሰሉበትን ልጆቹ ራሳቸው እንዲጽፉ ቢያደርጉ እላለሁ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ኮዬ ፈጬ፦
አደራ፣ ምስያው የሚያበቃበትንም ይንገሯቸው። ቧንቧ ሲቆረጥ ውኃው ይፈሳል፤ ሽቦ ሲቆረጥ ግን ከረንቱ ይቆማል። አምፖሉ ስለጠፋ ሽቦው ባዶ ነው ብሎ በእጁ ሊይዝ የነበረ ለማጅ ሠራተኛ አስደንግጦኛል፤ የተቆረጠው ጫፍ ቧንቧው እንደተዘጋ ሙሉ ሮቶ ግፊቱን ይዞ እንደሚቆይ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።