ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች፦ ልቀይር ወይስ ልቆይ? (ድሬዳዋ)

የከዚራዋ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከዚራ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር ነው የምሠራበት፤ ሁለቱም ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኮር አይ5፣ 4ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም። አንዱ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ገብቶለታል፣ ሌላው በድሮ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሁለቱም ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው።

ሰሞኑን አንዱ ስከፍተው ስክሪኑን ሙሉ ሸፍኖ ድጋፉ እንዳበቃ ይነግረኛል። ኮምፒውተር መሸጫ ሄጄ ብጠይቅ "ይኼ ከእንግዲህ አይሠራም፣ አዲስ ግዢ" አሉኝ። የጠሩልኝ ዋጋ የቤት ኪራይ ከፍዬ የምደርስበት አይደለም። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ወርጄ ያገለገሉ ላፕቶፖችም አየሁ። ስንተኛ ጀነሬሽን ነው ስለው ሻጩ "ኮር አይ7 ነው አልኩሽ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ" አለኝና ትቼው መጣሁ።

ሥራዬ አቤቱታ፣ የቤት ኪራይና የመኪና ሽያጭ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ቅጾቹ አብዛኞቹ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፉ ናቸው፤ ብዙዎቹን ከእኔ በፊት ቤቱን ትሠራበት ከነበረችው እትዬ ነው የተረከብኩት። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣል ወይ በቴሌግራም ይልካል። እጄ ላይ ያለው የሰው ውል ነው፣ የሰው ክስ ነው። ድጋፉ አበቃ ማለት አንድ ቀን ጠዋት አልከፈትም ይለኛል ማለት ነው? አዲስ ብገዛስ እነዚህ ፋይሎች እዚያ ላይ ይሠራሉ? የምታውቁ ንገሩኝ።

የሳቢያን ልጅ፦

አቦ ምን ያስጨንቅሻል! ሩፈስ በምትባል ፕሮግራም የአዲሱን የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፍላሽ ስታዘጋጂ "ማሽኑ ይችላል አይችልም" የሚለውን ምርመራ እንዲዘል ማድረግ ትችያለሽ። እኔ ቤት 4ኛ ጀነሬሽን ላይ ጭኜ ጌም ሁሉ እጫወትበታለሁ። አንድ ብር አላወጣሁም።

ለገሃሬ ጥገና፦

እህቴ፣ አይዞሽ፣ ኮምፒውተርሽ ይከፈታል። ወርዱም ይጽፋል፣ ፕሪንተሩም ያትማል። የቆመው የማይክሮሶፍት ነፃ የደኅንነት አፕዴት ነው። ዊንዶውስ 10 በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፣ መደበኛ ድጋፉ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ የሚገባበት አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ በነባሩ አሠራር የሚደፍንልሽ የለም፤ አደጋውም እየዋለ እያደረ ነው የሚጨምረው። "አይሠራም" ያለሽ ሰው ግን አናዶኛል። አቅም የሌለውን ሰው አስፈራርቶ ማስገዛት ነውር ነው።

ዊንዶውስ 11 ያንቺን ማሽን አልቀበልም የሚለው ቀርፋፋ ስለሆነ አይደለም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ነው። ታይዋን ስትወርጂ "አይ7" የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ፦ አይ7-4600 ካለ 4ኛ ነው፣ አይ5-8250 ካለ 8ኛ ነው። ስለዚህ ያ አይ5 ከዚያ አይ7 ይሻልሻል። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ከፍቶ ካላሳየሽ ሻጭ አትግዢ።

የሳቢያን ልጅ ያለው ይጫናል፣ አልዋሸም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንደዚያ ለተጫነ ማሽን ወደፊት አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይገባም። ለጌም ይሁን። የሰው ክስና ውል የሚጻፍበት ማሽን ላይ እኔ አልጭንም።

ጊዜ መግዣ አለ። ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት የሚባል ፕሮግራም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ድረስ ያቆይሻል። ዊንዶውስሽ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን መሆን አለበት፤ የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል። ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ መመዝገቢያው ይመጣልሻል። የማሽንሽን ሴቲንግ ከአካውንትሽ ጋር ሲንክ ካደረግሽ (ካመሳሰልሽ) ክፍያ የለውም፤ ካልሆነ 30 ዶላር ነው። ይኼ ለግል ተጠቃሚ የተዘጋጀው ነው፤ ለድርጅት ያለው ሌላ ነው፣ የመጀመሪያው ዓመት በአንድ ማሽን 61 ዶላር።

አሁን እኔን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ፤ ፋይሎችሽ። እዚህ ከተማ ፎርማት አስደርገው ሲያበቁ ውላቸው የላቲን ፊደል ሆኖባቸው ወደ እኔ የሚሮጡ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ይኼ ነው፦ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት ስትጽፊ ኮምፒውተሩ "ቤ"ን እንደ "ቤ" አያውቃትም። የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው ላዩ ላይ አማርኛ የሚያስመስለው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የውስጡ ይወጣል። የአማርኛ ፊደላት በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ደንብ፣ ቁጥራቸውን ያገኙት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስልክሽ ላይ የምትጽፊው፣ ደንበኛ በቴሌግራም የሚልክልሽ፣ ሁሉም በዚያ ነው። ቴሌግራም ላይ የመጣውን ገልብጠሽ የድሮ ቅጽ ውስጥ ስትለጥፊ አንዳንዴ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን የሚሆንብሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማሽን ከመቀየርሽ በፊት ይኼን አድርጊ። አንድ ቅጽ ክፈቺ፣ ሁሉንም ምረጪ፣ ፎንቱን ኢብሪማ (ዊንዶውስ ላይ ያለ የዩኒኮድ ፎንት) አድርጊው። አማርኛነቱ ከጸና ዩኒኮድ ነው፣ የትም ይከፈታል። ላቲን ከሆነ የድሮው ነው። ከዚያ ሳታስቀምጪ ዝጊው። ሁሉንም ቅጽ እንደዚህ ለዪና በሁለት ፎልደር አስቀምጪ።

ፍላሽም ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። ፎልደሩ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለበት ሾርትከት ሆኖ ከመጣ አትክፈቺው፤ ያ ቫይረሱ ነው፣ እውነተኛው ፎልደር ተደብቆ እዚያው ፍላሹ ላይ አለ። ቪው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጪና ከዚያ አውጪው። ያልተገዛን ፕሮግራም እንደተገዛ አስመስሎ የሚያሠራውን ክራክ የሚባለውን ደግሞ አንቲቫይረስ አጥፍተሽ ጫኚ ካሉሽ እሺ አትበይ።

ጁገል መምህር፦

ከሐረር ነኝ። የትምህርት ቤት ላብ ውስጥ የነበሩ የድሮ ማሽኖችን ሊኑክስ ሚንት ወደሚባለው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም አዛውረናል። 22 የሚባለው ቨርዥን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው፣ ነፃ ነው፣ 4ኛ ጀነሬሽን ላይ ምንም አይቸገርም። አማርኛ ኪማን በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ይጻፋል፣ የግዕዝ ፍሮንትየር የአማርኛ ኪቦርድ ሊኑክስም ላይ አለ። ልጆቹ ቶሎ ለመዱት። ለእህታችን ግን ሁለቱንም አዛውሪ አልልም፦ ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ ሊኑክስ ላይ በወርድ ፈንታ የምንጽፍበት ሊብሬኦፊስም የወርድን ሰንጠረዥና የገጽ ቁጥር አንዳንዴ ያንሻፍፋል። መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያ ጣጣ ነው። ፕሪንተርም ይወስናል፤ የኤችፒ ሌዘርጄቶች በአብዛኛው ይሠራሉ፣ የድሮ ካኖኖች ግን ሊኑክስ ላይ ፈተና ናቸው።

የከዚራዋ ጸሐፊ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ኢብሪማውን አሁኑኑ ሞከርኩት። እኔ የጻፍኳቸው አቤቱታዎች እንዳሉ ናቸው። ከእትዬ የወረስኳቸው የኪራይና የመኪና ሽያጭ ውሎች ግን ላቲን ሆኑ፤ ደነገጥኩ፣ ሳላስቀምጥ ዘጋሁት። በየቀኑ የምጠቀምባቸው እነሱን ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚቀይር ገጽ አለ ይላሉ፣ እሱ ይሻላል ወይስ እንደገና ልጻፋቸው? ፕሪንተሬ ኤችፒ ነው።

ለገሃሬ ጥገና፦

ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ያለበትን ውል የማታውቂው ገጽ ላይ አትለጥፊ። ሰውየው አምኖሽ ነው የሰጠሽ። ባዶ ቅጽ ብቻ ከሆነ ግን ሞክሪው፤ ከዚያ ቃል በቃል አመሳክሪ፣ በተለይ አኃዙንና ነጠላ ሰረዙን፣ መቀየሪያዎቹ እነሱን ያበላሻሉ። እኔ አንቺን ብሆን የኪራዩንና የመኪናውን ውል እንደገና እጽፋቸው ነበር፤ ረጅም አይደሉም፣ ያንቺ እጅ ደግሞ ፈጣን ነው። አንዱ ሰው ሲያነብ ሌላው አሮጌውን ይዞ ይከታተል።

የተፈረሙትን የድሮ ውሎች አትንኪያቸው። አሁን ካለሽበት ማሽን ላይ እያንዳንዱን ፒዲኤፍ አድርጊው፤ ፒዲኤፍ ሲሆን ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይገባል፣ የትም ቢከፈት መልኩን አይቀይርም። ማስተካከል አይቻልም እንጂ ማተም ይቻላል። ሁሉንም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪና ዲስኩን ቤትሽ አስቀምጪ፣ ሱቅ አይደር።

ከዚያ በኋላ ኤስኤስዲ ያለውን ለኢንተርኔትና ለቴሌግራም አድርጊው፣ ተጨማሪውን አፕዴት እሱ ላይ ተመዝገቢ። ያኛውን ፓወር ግዕዙን እንደያዘ ከኢንተርኔት ለይተሽ ለድሮ ፋይል ብቻ ተጠቀሚበት፤ የደንበኛ ፍላሽ እሱ ላይ አይሰካ። ከተቻለሽ እሱንም ኤስኤስዲ አስገቢለት፣ ከማንኛውም ነገር በላይ የሚሰማሽ ለውጥ እሱ ነው። እግረ መንገድሽን ክዳኑን አስከፍተሽ አቧራውን አስነፊ፤ በድሬ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ራሳቸውን እያጠፉ የሚመጡልኝ ማሽኖች ብዙዎቹ ማራገቢያቸው በአቧራ የታፈነ ነው።

የሚንቱን ነገር የሚቀጥለው ጥቅምት ሲቃረብ እናየዋለን። ያን ጊዜ ቅጾችሽ ሁሉ ዩኒኮድ ከሆኑ፣ ፕሪንተርሽም ኤችፒ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ከፍላሽ ላይ ሳትጭኚው አስነስተሽ ትሞክሪዋለሽ። የፕሪንተርሽን ሞዴል ቁጥር እዚህ ጻፊልኝ፣ ሊኑክስ ላይ የሚያሠራውን ፕሮግራም (ድራይቨሩን) አይቼ እነግርሻለሁ።