እርዱኝ፣ መቅረጫው ሲበራ «ተ» ይጠፋል (ደሴ፣ የመስክ ሥራ)

ፌቨን፦ ሰላም ወገኖች፣ አስቸኳይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ደሴ ላይ «ከቤት» እና «ተቤት» የሚሉትን እየቀረጽኩ ነው። ስልኬን ሳወጣ ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ ያወራሉ፤ ስዘጋው «ተየት ነሽ?» ይሉኛል። ሁለት ቀረጻ ደግሞ መሃል ላይ ተቋረጠብኝ። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። «ተ ከከተማው ጠፍቷል» ብዬ ልጻፍ ወይስ መጠይቁን ልቀይር?

ልሳነ ብዙ፦ የሥነ ልሳን ተመራማሪው ዊልያም ላቦቭ «የታዛቢው ተቃርኖ» ያለው ይህንን ነው፤ የምንሻው ሰው ሳይታዘቡት የሚናገረውን ነው፣ የምናገኘው ግን በመታዘብ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ለማሟሟቂያ ተዪው፣ አትቁጠሪው። የሚነበብ ነገር ካለሽ መጨረሻ ላይ ይሁን። ስለ ልጅነት ጨዋታና ስለ ሠርግ ጠይቂ። ላቦቭ «ልሞት ነው ያልክበት ጊዜ አለ?» ይል ነበር፤ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ወሎ ላይ ይህን ጥያቄ አታንሺው።

ማይክ በእጄ፦ የተቋረጠው ስልክ ተደውሎ ይሆናል፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው። የቀረጻውን ቅንብር ዋቭ (ያልተጨመቀ ፋይል)፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ አድርጊው። በሰዓት 300 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ ቦታ አስለቅቂ። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጊና ስልኩን ከዓይን አርቂው። በቴሌግራም ከላክሽ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን፤ ይጨመቃል።

በረካ፦ ወሎ ገብቶ ያለ ቡና ቃለ መጠይቅ? አቦል ላይ ዕድሜና የትውልድ ቦታ መዝግቢ፣ ቶና ላይ ጨዋታው ይደራል፣ በረካ ላይ ማይኩን የሚያስታውስ የለም 😄 ብቻ ሙቀጫው ሳያልቅ አትጀምሪ፤ ሲኒውም ከማይኩ ይራቅ።

ሰለሞን፦ ስልኩን ኪስሽ ከተሽ ቅረጺ፣ አለቀ።

ልሳነ ብዙ፦ በፍጹም! ፈቃድ ያልተጠየቀበት ድምፅ ለጥናት አይውልም፤ ሰዎቹም ሲያውቁ ሰፈሩ በሙሉ ይዘጋብሻል። ፈቃዱን መጀመሪያ ጠይቂ፣ ከዚያ ሁለት ጓደኛሞችን አብረሽ አስቀምጪና አንቺ ዝም በዪ። በአንቺ «ከ» ሳቢያ እነሱም ወደ «ከ» ይሄዳሉ።

የሐይቅ ልጅ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። እነማንን ነው የቀረጽሽው?

ፌቨን፦ የዘመዴን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ አንዱ ሌላውን እየጠቆመኝ።

የሐይቅ ልጅ፦ እንግዲያው ስለ አንድ ቢሮ እንጂ ስለ ደሴ ምንም ማለት አትችዪም። ሁለት ፆታ፣ ሦስት የዕድሜ ክልል፣ ከተማ ያደገና ከገጠር የመጣ፤ 12 ሳጥን ይሆናል። በየሳጥኑ ቢያንስ ሦስት ሰው፣ 36። ጠቋሚሽም አንድ አይሁን፤ ከሰኞ ገበያ አንድ፣ ከቧንቧ ውሃ አንድ፣ ከገጠር ገበያተኛ አንድ።

አቆጣጠሩ ላይም ተጠንቀቂ። «ተ» የተባለበትን ብቻ ሳይሆን «ተ» ሊባል ይችል የነበረበትን ቦታ ሁሉ ቁጠሪ፤ አለዚያ መቶኛ አይወጣም። የ«ተከፈተ»ና የ«ተቀመጠ» «ተ» የግስ ነው፣ አይገባም። «ከቤት»፣ «ከእሱ ይበልጣል»፣ «ከመጣ በኋላ» የሚሉትን ለየብቻ መድቢ፤ አንዱ ላይ ጠፍቶ ሌላው ላይ ሊኖር ይችላል።

ሀና፦ ኤርፕሌን ሞድ አድርጊው።

መናኸሪያ፦ ነገ ከቀጠሮሽ በፊት መናኸሪያ ብቅ በዪ። ላቦቭ በ1962 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ሦስት ትላልቅ መደብሮች ገብቶ፣ መልሱ «ፎርዝ ፍሎር» (አራተኛ ፎቅ) መሆኑን እያወቀ፣ «ር»ን ይጠሩት እንደሆነ ለመስማት ሻጮቹን ይጠይቅ ነበር። አንቺም ከምሳ በኋላ እንደሚነሳ የምታውቂውን መኪና «ጠዋት ነው የሚነሳው?» በዪ። «አይ፣ ከሰዓት» ወይ «ተሰዓት» ይሉሻል። «እ? አልሰማሁም» በያቸው፣ ይደግሙታል። ዞር ብለሽ ሁለቱንም መልስ፣ ፆታና ግምታዊ ዕድሜ ጻፊ። ቀረጻም ስምም የለም። አንቺ ግን «ከየት» የሚል ቃል አታውጪ! «ከሰዓት» የተለመደ አነጋገር ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አትደምሪው።

የሐይቅ ልጅ፦ ይሄኛው ጥሩ ነው፤ ማይክ ሳይኖርም «ከ» ብቻ ከሰማሽ ችግሩ መቅረጫው አልነበረም ማለት ነው። ፌቨን፣ የነገው ሰው ማን ነው? አሁንም ከዚያው ቢሮ ነው?