የእማዬ ጉልበት፦ ህዋሱ ከተባዛ ልም አጥንቱ ለምን አይሞላም?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ራጅ ተነስታ ኦስቲዮአርትራይቲስ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ነው፣ የጉልበትሽ ልም አጥንት (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል) ሳስቷል አሏት። ቁጭ ብድግ ማለት ጭንቅ ሆኖባታል፤ ስግደት ካቆመች ስድስት ወር አለፋት። ሳነብ ደግሞ በዚህ በሽታ የልም አጥንት ህዋሶች ይባዛሉ ይላል። ታዲያ ከተባዙ ለምን አይጠግኑትም? አንድ ሰው «ህዋስ የሚያባዛ» እንክብል ልሽጥላችሁ እያለን ነው። እንግዛ ወይስ ይቅር?

የላቦራቶሪው ሰው፦
እህቴ፣ ያነበብሽው ልክ ነው። በጤነኛ አዋቂ ልም አጥንት ውስጥ ህዋሶቹ ጥቂት ናቸው፤ በየጎጇቸው ተቀምጠው እምብዛም ሳይከፋፈሉ ይኖራሉ። ደም ስር ስለሌለው ምግባቸው የሚመጣው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። በሽታው ሲጀምር በዙሪያቸው ያለው መረብ ይላላል፤ ያኔ መከፋፈል ይጀምራሉ። በማይክሮስኮፕ ስታዪው፣ አንድ ህዋስ በነበረበት ቦታ ብዙዎች ተጠጋግተው የወይን ዘለላ ይመስላሉ።

የሚያሳዝነው ጠባያቸው መቀየሩ ነው። አንዳንዶቹ ያብጡና፣ በሚያድግ ልጅ አጥንት ጫፍ እንዳሉት ህዋሶች፣ ዓይነት 10 ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ይሠራሉ። ኤምኤምፒ 13 የሚባል ኢንዛይምም ያመነጫሉ። እሱ ልም አጥንቱን አጥብቆ የያዘውን ዓይነት 2 ኮላጅን ይቆራርጣል። ስለዚህ መባዛታቸው ብቻውን ለእናትሽ ምንም አይፈይድም። እንክብሉ ይቅርባችሁ።

እናቱን ያስታመመ፦
እኔም ለእናቴ ተመሳሳይ ነገር ግማሽ ዓመት ገዝቻለሁ። ለውጥ አላየንም። ግን ህዋስ አባዝቶ መትከል የሚባል ሕክምና አለ አይደል?

የላቦራቶሪው ሰው፦
አለ። በ1994 የስዊድን ሐኪሞች ከ23 ሰዎች ጉልበት የራሳቸውን ህዋስ ወስደው፣ አባዝተው መልሰው መትከላቸውን አሳተሙ። የሚያገለግለው ግን በአደጋ አንድ ቦታ ላይ ለተቦረቦረ ልም አጥንት ነው። እንደ እናትሽ በሰፊው ለሳሳ አይሆንም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
እናትሽ የጭናቸውን ጡንቻ ያጠንክሩ። እግራቸውን ዘርግተው፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበታቸው ስር አድርገው ወደ ታች ይጫኑት፤ 5 ሰከንድ ይቆዩና ይልቀቁ። ውፍረት ካላቸው፣ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና በየእርምጃው 4 ኪሎ ያህል ይቀልላል። በርጩማ ይቅር፣ ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀሙ። የማስታገሻ ኪኒን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይደጋግሙ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ጉልበቱ በድንገት ቢያብጥና ቢግል፣ ትኩሳትም ቢኖር፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰጃቸው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንክብሉን አልገዛንም። ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁላት፤ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቡና አፈላች። ፎጣውንም ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ሁለት ጊዜ ተጫነችው።